የመጀመሪያ ሜታል ዲቴክተርዎን ሲመርጡ

ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ) ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚያስቀድመው ጥያቄ «በጥልቀት የሚያየው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። ከእሱ በፊት የት እንደሚፈልጉ፣ ቀጥሎም ምን እንደሚፈልጉ መወሰን አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ገበያ ላይ ከተደረደሩት ሞዴሎች ውስጥ ለእርስዎ የሚሆኑት ሦስት ወይም አራት ብቻ ሆነው ያገኟቸዋል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚሁ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ናቸው። የምጽፈውም ቅዳሜ ጠዋት ወጣ ብሎ ከሣር ሥር የድሮ ሳንቲም፣ ከባሕር ዳር አሸዋ ደግሞ የጠፋ ቀለበት መፈለግ ለሚያስደስተው ሰው ነው። አገር ቤት ወስዶ ወርቅ ለማውጣት ላሰበ ሰውም ወደ መጨረሻው አካባቢ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ቦታው

የዋጋ ዝርዝር ከማየትዎ በፊት ካርታ ይመልከቱ። ዲሲ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ መናፈሻዎች፣ ናሽናል ሞልና ሮክ ክሪክ ጭምር፣ የሚተዳደሩት በፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። በዚያ ክልል ውስጥ መቆፈሩ ይቅርና ለሥራ የተዘጋጀ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው። የማናሳስ የጦር ሜዳም፣ የዱር ፈረሶች የሚታዩበት የአሳቲግ ብሔራዊ የባሕር ዳርቻም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ አለ፤ በፌዴራል መሬት ላይ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ቅርስ ያለፈቃድ ማውጣት በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል።

የሚቀርልዎ የግል መሬት፣ የከተማ ባሕር ዳርቻና ካውንቲው ወይም ከተማው የፈቀደው መናፈሻ ነው። ለግል መሬት የባለቤቱን ፈቃድ፣ ቢቻል በጽሑፍ ይያዙ። ለመናፈሻና ለባሕር ዳርቻ ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ስልክ ደውለው ይጠይቁ፤ አንዱ ካውንቲ የሚፈቅደውን ጎረቤቱ ሊከለክል ይችላል። ይህን ያስቀደምኩት ለማስፈራራት አይደለም። የተፈቀደልዎ ቦታ የሚገዙትን ዕቃ ስለሚወስን ነው፤ ለጓደኛዎ ጓሮ የሚሆነው መሣሪያ ለባሕር ዳር ላይሆን ይችላል።

ቦታው ከታወቀ አፈሩን ያስቡ። ተራ የሣር ሜዳ ለማንኛውም ዲቴክተር ቀላል ነው። ጣጣው ያለው በሁለት ዓይነት መሬት ላይ ነው። አንደኛው የባሕር ውሃ የነካው አሸዋ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ መሣሪያው እርጥቡን አሸዋ ራሱን ብረታ ብረት አድርጎ ይቆጥረዋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ (ምልክቱ በሴኮንድ በሚርገበገብበት ብዛት) ብቻ የሚሠራ ዕቃ ይዘው ኦሽን ሲቲ ወይም ቨርጂኒያ ቢች ቢሄዱ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ጸጥ ብሎ ሲሠራ የቆየው መሣሪያ ማዕበሉ የሚደርስበት መስመር ላይ ሲረግጡ መንጫጫት ይጀምራል። ኮይሉን፣ ከዘንጉ ጫፍ ያለውን መፈለጊያ፣ ብድግ ሲያደርጉት ዝም ይላል፣ ወደ አሸዋው ሲመልሱት ይጮኻል፣ ውሃው እግርዎ ሥር ሲመጣ ጭራሽ ይብስበታል። ጩኸቱን ለማስታገስ ሴንሲቲቪቲውን (ደካማ ምልክት የመስማት አቅሙን) ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ሊያገኙት የመጡት ቀለበትም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው በብረት ማዕድን የተሞላ ቀይ አፈር ነው። በቨርጂኒያ የከልፔፐር አካባቢ በዚህ ይታወቃል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥይትና የወታደር ልብስ ቁልፍ በብዛት የሚገኝበት አገር ሆኖ ሳለ ተራ ዲቴክተር ከጥቂት ኢንች በታች ማየት ያቅተዋል። ለእንዲህ ያለው መሬት የሚሆነውን ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ከዚያ የሚፈለገው ነገር

አብዛኞቹ የመዝናኛ ዲቴክተሮች የሚሠሩት ቪ.ኤል.ኤፍ. በሚባለው ዘዴ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ባለው ኮይል ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንዱ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፣ ሌላው የሚመለሰውን ይቀበላል። መስኩ ሳንቲም ሲያገኝ ሳንቲሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሽከረከራል፤ ይህም የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ይልካል። የተመለሰው ምልክት ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ለክቶ መሣሪያው ቁጥር ይሰጠዋል። ወፍራምና ጥሩ አስተላላፊ የሆነው ከፍ ያለ ቁጥር፣ ቀጭኑና ደካማ አስተላላፊው ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል።

በተግባር ሲታይ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ከላይ ይቀመጣሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 1964 የተመረቱት የአሜሪካ ዳይምና ኳርተር (ባለ 10 እና ባለ 25 ሳንቲም) 90 በመቶ ብር ናቸው፤ ጥርት ያለ ከፍተኛ ድምፅ ይሰጣሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 1982 ድረስ የነበረው ፔኒ (ባለ 1 ሳንቲም) በአብዛኛው 95 በመቶ መዳብ ስለሆነ ከእነሱ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው መዳብ የተቀባ ዚንክ በመሆኑ ዝቅ ይላል። ኒኬል የሚባለው ባለ 5 ሳንቲም ደግሞ ከዚያም በታች ወርዶ ከአልሙኒየም ቆሻሻ ጋር ይቀላቀላል። ሚስማር ከሁሉም በታች ነው።

ወርቅስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነውና። የወርቅ ቀለበት የሚቀመጠው በቀጭን የአልሙኒየም ፎይልና በድሮ ቆርቆሮ መጠጦች የመክፈቻ ቀለበት መካከል ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው። እንደ ክብደቱ፣ እንደ ካራቱና እንደ ስፋቱ ቁጥሩ ይለያያል፤ ከቆሻሻው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጥበት ጊዜም ብዙ ነው። ሻጭ «ይህ ዕቃ ቆሻሻውን ትቶ ወርቁን ብቻ ይነግርዎታል» ካለ እውነቱን እየነገርዎ አይደለም። የመክፈቻ ቀለበት እንዳይጮህ ካጠፉ የወርቅ ቀለበትም አጥፍተዋል። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ፎይልና ብዙ መክፈቻ እየለቀመ ነው የሚያገኘው። ቀጭን የአንገት ሐብልማ ከዚህም ይከፋል። መሣሪያው የሚያየው ሙሉውን ሐብል ሳይሆን እያንዳንዱን ትንሽ ዘለበት ለየብቻ ስለሆነ፣ ዕድለኛ ከሆኑ መቆለፊያውን ብቻ ይሰሙታል።

ስለዚህ ሞዴል ሲያነጻጽሩ የሚፈልጉት ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር የሚያሳይ፣ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ድምፅ ያለው፣ የብረትን ድምፅ እንደ ፍላጎትዎ ማጥፋትም መስማትም የሚያስችል ይሁን። ዝም ብሎ «ጢጥ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ይለፉት። አሮጌ ቤት አጠገብ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ አንዱን ነገር ሰምቶ ለቀጣዩ የሚዘጋጅበት ፍጥነት ከጥልቀት ይበልጣል። የፈረሰ ቤት ግቢ ሚስማር የሞላበት ነው፤ ቀርፋፋ መሣሪያ ሚስማሩን ሰምቶ ሳይጨርስ አጠገቡ ያለውን ሳንቲም ያልፈዋል።

ፍሪኩዌንሲ

ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ለትልልቅና ለጥሩ አስተላላፊዎች፣ ማለት ለብርና ለመዳብ ሳንቲም ይስማማል። ከፍ ያለው ለትንንሽና ለደካማ አስተላላፊዎች፣ በተለይ ለትንሽ ወርቅ ይመቻል። ለምሳሌ ጋሬት ኤስ 300 በ8 ኪሎኸርትዝ፣ ኤቲ ፕሮ በ15 ይሠራሉ፤ ሁለቱም ለሳንቲምና ለቀለበት የታሰቡ ናቸው። ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45፣ ፊሸር ጎልድ በግ 2 በ71 ኪሎኸርትዝ ይሠራሉ፤ እነዚህ የተሠሩት የተፈጥሮ ወርቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ስሙ ላይ «ጎልድ» የሚል ስላየ ብቻ ለመናፈሻ ሳንቲም ፍለጋ የገዛ ሰው በየእርምጃው ለፎይል ቁራጭ ሲያጎነብስ ይውላል።

ሦስተኛው ምርጫ ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን በአንድ ጊዜ የሚልክ ነው። ማይንላብ እ.ኤ.አ. በ2018 ኢኩዊኖክስን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ አሠራር ከ1,000 ዶላር በታች በስፋት መገኘት ጀመረ፤ ቀጥሎ የመጣው ቫንኩዊሽ ደግሞ ዋጋውን ከዚያም በጣም አወረደው። የቱርኩ ኖክታ ሌጀንድም በዚሁ መንገድ ይሠራል። መሣሪያው የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎችን መልስ አስተያይቶ የጨዋማውን አሸዋ ድምፅ ቀንሶ ስለሚያወጣው እርጥብ ባሕር ዳር ላይ ተረጋግቶ ይሠራል። ባሕር ዳር እሄዳለሁ ካሉ ይህን ከመግዛት ወደኋላ አይበሉ።

አንድ ቃል ላይ ይጠንቀቁ። ማስታወቂያው አራት ፍሪኩዌንሲ አለው ሲል በአንድ ጊዜ ይልካቸዋል ማለት ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ማይንላብ ኤክስ ቴራ ፕሮ 5፣ 8፣ 10 እና 15 ኪሎኸርትዝ አለው፤ ነገር ግን ተጠቃሚው አንዱን መርጦ በእሱ ብቻ ነው የሚሠራው። ለሣር ሜዳ ጥሩ ዕቃ ነው። የባሕር ዳሩን ችግር ግን ኢኩዊኖክስ በሚፈታበት መንገድ አይፈታውም። መግለጫው ላይ «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ፈልገው ያንብቡ።

አሁን ወደ ከልፔፐር ቀይ አፈር ልመለስ። ለእንዲህ ያለ መሬትና ለባሕሩ ውስጥ ፒ.አይ. የሚባለው ሌላ ዘዴ አለ። የኤሌክትሪክ ምት ልኮ ምቱ ከተቋረጠ በኋላ የሚቀረውን ያዳምጣል፤ ስለዚህ አፈሩም ጨውም ብዙ አያውኩትም። ዋጋው ውድ ነው፣ ብረትን ከሌላው የመለየት ችሎታውም ደካማ ስለሆነ የጮኸውን ሁሉ መቆፈር ግድ ይላል። ለመጀመሪያ መሣሪያነት አልመክረውም።

ጥልቀትና ኮይል

አሁን የጥልቀት ጥያቄ ተራው ደረሰ። ከ9 እስከ 11 ኢንች ኮይል ያለው ጥሩ ዲቴክተር በተራ አፈር ላይ ሳንቲምን ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያገኛል። በ300 ዶላርና በ1,000 ዶላር ዕቃ መካከል የሚያገኙት ልዩነት በዚህ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሜትር አይደለም። ምክንያቱ ተፈጥሮ ነው። መስኩ ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል፣ ከሳንቲሙ ሲመለስም እንደገና ይደክማል። ሳንቲሙ ከኮይሉ ስፋት በላይ ከራቀ በኋላ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ምልክት ወደ ስልሳ አራተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። በእጅ ተይዞ ሳንቲምን ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ አያለሁ የሚል ዕቃ ያየ ሰው ይህን ያስታውስ።

የኮይል ቅርጽ ሁለት ነው። ኮንሴንትሪክ የሚባለው ቦታውን በትክክል ለመጠቆም ይቀላል፣ ብረት የበዛበት አፈር ላይ ግን ይቸገራል። ዲ.ዲ. የሚባለው መስኩ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አስቸጋሪ አፈርንና የተጨናነቀ ቆሻሻን ይቋቋማል። ለቨርጂኒያ ዲ.ዲ. ይምረጡ። አምራቹ ለሞዴሉ 6 ኢንች አካባቢ የሆነ ትንሽ ኮይል ለብቻው የሚሸጥ መሆኑንም ያጣሩ፤ ሚስማር በሞላበት ግቢ የትንሿ ኮይል ጥቅም ትልቅ ነው።

ክብደቱን ሱቅ ሄደው በእጅዎ ይዩት። አብዛኞቹ ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ሁለት ሰዓት ሲያወዛውዙት ግን ክብደቱ ወደ ፊት ያጋደለው ክንድ ይገድላል። ውሃን በተመለከተ የኮይሉን ብቻ ሳይሆን የሳጥኑንም ጉዳይ ሳይጠይቁ አይመኑ። ቫንኩዊሽና የጋሬት ኤስ ዕቃዎች ኮይላቸው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ መቆጣጠሪያ ሳጥናቸው ግን አይገባም። ኢኩዊኖክስ 800 እና ኤቲ ፕሮ እስከ 3 ሜትር ሙሉ በሙሉ ይጠልቃሉ።

ገንዘቡን ማከፋፈል

የያዙትን ብር በሙሉ ዲቴክተሩ ላይ አያውሉት። ከ100 እስከ 150 ዶላር ለፒንፖይንተር ያስቀምጡ። ይህ በእጅ የሚያዝ አጭር መፈለጊያ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ጭቃው ውስጥ ሳይዳብሱ ያሳይዎታል፣ ጉድጓዱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ጠንካራ የእጅ መቆፈሪያና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልግዎታል። ለባሕር ዳር ከሆነ አሸዋ የሚያነጥር ወንፊት ያለው አካፋ ይጨምሩ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ በሣር ሜዳና በጓሮ ብቻ ለሚፈልግ ከ200 እስከ 300 ዶላር የሚያወጣ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ዕቃ ይበቃዋል። ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው በብዙ ፍሪኩዌንሲ ከሚሠሩት ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን ይያዝ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚጠልቀውን ይውሰድ። ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያወጣውን የመጀመሪያው ዓመት ላይ አይግዙት። ጆሮ ድምፁን እስኪለምድ ድረስ ውዱ መሣሪያ ከርካሹ የተለየ ነገር አይነግርዎትም።

ጨርሶ የማይገዙት

አንቴና ያለው፣ ከሩቅ ሆኖ ወርቅ ወዳለበት አቅጣጫ የሚዞር የሚባል ዕቃ በማኅበራዊ ሚዲያ በአማርኛም ይተዋወቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ የለም። እንግሊዛዊው ጄምስ ማኮርሚክ ኤ.ዲ.ኢ. 651 የሚባል ባለ አንቴና «ፈንጂ መፈለጊያ» ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች ሸጦ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገንዘብ ሰብስቧል። ሲፈተሽ ሥራው የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ ይሸጥ ከነበረ መጫወቻ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ውስጡ የሚሠራ ነገር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ 10 ዓመት ተፈረደበት። ያን ዕቃ አምነው ኬላ ላይ የቆሙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለወርቅ የሚሸጠውም በዚያው አሠራር የተሠራ ነው፤ ዘመድዎ ሊገዛ ሲል ካዩ ሳያፍሩ ያስቁሙት።

ሌላው የታወቁ ኩባንያዎች ሐሰተኛ ቅጂ ነው። በአፍሪካ የወርቅ አካባቢዎች የማይንላብ ስም የተለጠፈባቸው ብዙ ሐሰተኛ መሣሪያዎች ተሸጠዋል። ዋጋው ከተለመደው በግማሽ ካነሰ የመለያ ቁጥሩን ለአምራቹ ልከው ያረጋግጡ፤ ከተፈቀደለት ወኪል መግዛት ከሁሉ ይሻላል።

አገር ቤት ለመውሰድ ላሰቡ

ጣሊያን ሲወጣ ወርቅ ቀብሯል የሚል ወሬ የማይነገርበት አካባቢ ጥቂት ነው። ወሬውን ይዘው ዲቴክተር ሻንጣ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ጉምሩክና የሚመለከተው የጸጥታ አካል ምን ፈቃድ እንደሚጠይቁ ይወቁ። ቅርስ ያለፈቃድ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለባለሥልጣኑ መነገር አለበት። ወርቅ በባህላዊ መንገድ ለማምረትም የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። በውሃ እየታጠበ የሚወጣውን የወርቅ ብናኝ ደግሞ የትኛውም ዲቴክተር አያየውም፤ የሚያየው ከዚያ ከፍ ያለውን ቁራጭ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ያልፈነዳ ተተኳሽ ነው። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች መሬት ውስጥ ጮኾ የሚመልሰው ነገር ቦምብ ሊሆን ይችላል። የዲቴክተሩ ቁጥር ይህን አይለይም። ጊዜ መርዙን ያረክሰዋል ብለውም አያስቡ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ140 ዓመት በፊት በነበረው ጦርነት የቀረ የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ የነበረ ሰብሳቢ ፈንድቶበት ሞቷል። ክብ ወይም ሾጣጣ፣ ከባድ፣ የዛገ ነገር ብቅ ካለ ሳይነኩ ርቀው ለፖሊስ ይደውሉ።

ያገለገለ ሲገዙ፣ አዲስም ሲደርስዎ

ያገለገለ ዲቴክተር ብዙ ጊዜ ጥሩ ግዢ ነው፤ ሰው በጉጉት ገዝቶ ጋራዥ ውስጥ ይረሳዋል። ሲሄዱ አንድ ኳርተር፣ አንድ ኒኬል፣ የወርቅ ቀለበት፣ የቆርቆሮ መክፈቻና የዛገ ሚስማር ኪስዎ ይያዙ። ከቤቱና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቅ ያለ ቦታ ይጠይቁ፣ ስልክዎን ያስቀምጡ፣ ድምፅ የማይሰጥ ንጹህ መሬት ይፈልጉ።

መጀመሪያ የባትሪውን ቤት ከፍተው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት መኖሩን ይዩ። ስክሪኑ ሥር ጤዛ ካለ ውሃ ገብቶበታል። የኮይሉን ጆሮ፣ ከዘንጉ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ፣ ለስንጥቅ ይመርምሩ። ቀጥሎ መሣሪያውን አብርተው ኮይሉን አየር ላይ ይዘው ገመዱ ኮይሉ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ቀስ ብለው ያወዛውዙት፤ ከጮኸ ገመዱ ውስጥ ተበጥሷልና ይተውት። ኮይሉን በጣትዎ ሲመቱትም ዝም ማለት አለበት።

አሁን ኳርተሩን መሬት ላይ አስቀምጠው ኮይሉን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ ሳያጋድሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝም ወደ ግራ ያሳልፉት። ቁጥሩ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ወይም በአንድና በሁለት ብቻ የሚለያይ መሆን አለበት። ዘጠና ዲግሪ ዞረው ይድገሙት። ኒኬሉን፣ ቀለበቱንና መክፈቻውን በተራ እያሳለፉ ቁጥራቸውን ይጻፉ፤ ሦስቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በዓይንዎ ያያሉ። በመጨረሻ ሚስማሩን ከኳርተሩ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡና ከተለያየ አቅጣጫ ያሳልፉ። ቢያንስ ከአንዱ አቅጣጫ የሳንቲሙ ጥርት ያለ ድምፅ መሰማት አለበት፤ ከየትኛውም ካልተሰማ ለአሮጌ ቤት ግቢ አይሆንም።

አዲስ የገዙትንም ሳጥኑን ሳይጥሉ፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ፣ በዚሁ መንገድ ይፈትሹት። ባሕር ዳር ለመሥራት የገዙት ከሆነ በዚያው ሳምንት እርጥቡ አሸዋ ላይ ይውሰዱት፤ የጓሮ ሙከራ የጨውን ነገር አይነግርዎትም።